በመርፌ የሚሰጥና በአፍ የሚወሰድ የካንሰር መድኃኒት

ስለ ሜቶትሬክሴት ለመምህራንና ለከተማ ነዋሪዎች የተዘጋጀ ትምህርት

በአገራችን ሰው ታሞ ወደ ሐኪም ቤት በሄደ ጊዜ፥ መርፌ ሳይወጋ እንክብል ብቻ ተሰጥቶት የተመለሰ እንደሆነ፥ «ደኅና ሕክምና አላገኘሁም» ብሎ ማዘኑ የተለመደ ነገር ነው። መርፌ ስለሚያም ኀይለኛ፥ እንክብል በውሃ ስለሚዋጥ ለስላሳ መስሎ ይታየዋል። ይህ አስተሳሰብ በማናቸውም መድኃኒት ላይ ትክክል አይደለም፤ በካንሰር መድኃኒት ላይ የሆነ እንደሆነ ግን ሕይወትን እስከ ማሳጣት ይደርሳል። ምክንያቱም እንክብሉን እንደ ቀላል ነገር የሚቈጥር ሰው አንድ ተጨማሪ ፍሬ ቢውጥ ምንም የሚጐዳው አይመስለውም።

በዚህ ወር ትምህርታችን ሁለቱን የአሰጣጥ መንገዶች ለማነጻጸር አንድ መድኃኒት ብቻ መርጠናል፤ እርሱም ሜቶትሬክሴት የሚባለው ነው። የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፥ ይኸው አንዱ መድኃኒት በእንክብልም በመርፌም ስለሚሰጥ ንጽጽሩ ግልጽ ይሆናል። ሁለተኛ፥ በእንክብሉ አወሳሰድ ላይ የሚደረግ አንድ ስሕተት በብዙ አገር ሰው ገድሏል፤ ይህንንም ስሕተት የመድኃኒት መያዣ ጽሑፍ ማንበብ የሚችል ሰው ሊከላከለው ይችላል።

ሀ/ መድኃኒቱ ምን እንደ ሆነ

ኬሞቴራፒ ማለት በቃሉ ፍች በኬሚካል ማከም ማለት ሲሆን፥ ዛሬ በአብዛኛው የሚነገረው ካንሰርን በመድኃኒት ስለ ማከም ነው። የሰውነታችን ሕዋሳት ተከፍለው አዲስ ሕዋስ ለማስገኘት ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቪታሚን ያስፈልጋቸዋል። ይህ ቪታሚን በጐመንና በጥራጥሬ ውስጥ ይገኛል። ነገር ግን ሕዋሱ ቪታሚኑን እንዳገኘው አይጠቀምበትም፤ በውስጡ ያለ አንድ ኤንዛይም አስቀድሞ ለሥራ እንዲመች አድርጎ ይለውጠዋል።

ሜቶትሬክሴት በአሠራሩ ፎሊክ አሲድን ይመስላል። ስለዚህ ኤንዛይሙ እንደ ቪታሚኑ አድርጎ ይይዘዋል፤ ከያዘው በኋላ ግን በቀላሉ አይለቀውም። ነገሩ በጓጉንቸር ውስጥ የሌላ ቁልፍ ገብቶበት፥ ሳይዞርም ሳይወጣም ተሰክቶ እንደ ቀረ ነው፤ እውነተኛው ቁልፍ ቢመጣም መግቢያ አያገኝም። ሕዋሱም ቪታሚኑ እያለ ስለማይጠቀምበት መከፈሉን ያቆማል፥ ይሞታልም።

የካንሰር ሕዋሳት ያለ ልክ የሚከፈሉ በመሆናቸው ጉዳቱ ይበረታባቸዋል። ሆኖም በጤናማው ሰውነት ውስጥም ዘወትር የሚከፈሉ ሕዋሳት አሉ፤ እነርሱም ደም የሚሠራበት የአጥንት መቅኔ፥ የአፍ ውስጥ ቆዳና የአንጀት ሽፋን ናቸው። መድኃኒቱ ጠላትንና ወዳጅን ለይቶ ስለማያውቅ እነዚህንም ይመታል። ጥቅሙም ጉዳቱም ከአንድ ምንጭ የሚቀዳ መሆኑን አንባቢ እንዲያስተውል ያስፈልጋል፤ ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነውና።

ለ/ አጭር ታሪክ

በ1948 እ.ኤ.አ. ዶክተር ሲድኒ ፋርበር የተባሉ ሐኪም በአሜሪካ በቦስተን ከተማ በደም ካንሰር የታመሙ 16 ሕፃናትን አሚኖፕተሪን በሚባል መድኃኒት ማከማቸውንና ከእነርሱም 10ሩ ለጊዜው እንደ ተሻላቸው ገለጡ። ይህ በሽታ ከዚያ በፊት ሕፃናትን በጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ውስጥ የሚገድል ስለ ነበረ፥ ለጊዜውም ቢሆን መሻሉ ታላቅ ነገር ሆኖ ተቈጠረ። መድኃኒቱን የሠሩት ኬሚስቶች በሕንድ አገር የተወለዱት ዬላፕራጋዳ ሱባራው በሚመሩት የምርምር ክፍል ይሠሩ ነበር። ሜቶትሬክሴት የዚሁ የአሚኖፕተሪን ወንድም ሲሆን፥ ለአያያዝ የተሻለ ሆኖ ስለ ተገኘ በቦታው ተተካ። በ1953 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት በሥራ ላይ እንዲውል ፈቀደ።

ከዚያ በኋላ በ1956 እ.ኤ.አ. ሚን ቺዩ ሊ፥ ሮይ ኸርትስና የሥራ ባልደረባቸው፥ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ከእንግዴ ልጅ ሕዋስ የሚነሣውን ኮሪዮካርሲኖማ የሚባል ካንሰር በሜቶትሬክሴት ማከማቸውን አስታወቁ። በሽታው ወደ ሳንባቸው የተሠራጨባቸው ሴቶች እንኳ ዳኑ። እባጭ የሆነ ካንሰር በመድኃኒት ብቻ ሊድን እንደሚችል የታወቀው በዚህ ጊዜ ነው።

ዛሬ ሜቶትሬክሴት ለሕፃናት የደም ካንሰር፥ ለኮሪዮካርሲኖማ፥ ለአጥንት ካንሰርና ለሌሎችም ይሰጣል። በአነስተኛ መጠን ደግሞ ካንሰር ላልሆኑ በሽታዎች፥ ለምሳሌ ሩማቶይድ አርትራይተስ ለሚባለው የመገጣጠሚያ ብግነትና ሶሪያሲስ ለሚባለው የቆዳ በሽታ ያገለግላል። የዓለም የጤና ድርጅት ለአገሮች ሁሉ በሚያወጣው የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ እንክብሉም መርፌውም ይገኛሉ።

ሐ/ በአፍ ሲወሰድ የሚሄድበት መንገድ

የተለመደው የሜቶትሬክሴት እንክብል 2.5 ሚሊግራም ይይዛል። በውሃ ከተዋጠ በኋላ በጨጓራ ይሟሟና ወደ አንጀት ላይኛ ክፍል ይደርሳል። በዚያም ስፍራ ፎሊክ አሲድን ከምግብ ወደ ደም የሚያሳልፉ ልዩ በሮች አሉ። ሜቶትሬክሴት ቪታሚኑን ስለሚመስል በእነዚሁ በሮች ይገባል። ከዚያም ደሙ በጉበት በኩል አልፎ ወደ ሰውነት ሁሉ ይዞራል። ከተዋጠ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በደም ውስጥ ያለው መጠን በብዙ ሰው ላይ ከፍተኛ ይሆናል።

እነዚህ በሮች ግን በቍጥር የተወሰኑ ናቸው። በኬላ ላይ የሚሆነውን አስቡ። ጭነት የያዙ ጥቂት አህዮች ከመጡ ሁሉም ሳይዘገዩ ያልፋሉ፤ ብዙ መቶ አህዮች በአንድ ጊዜ ከመጡ ግን ጥቂቱ ያልፍና ብዙው ከኬላው ውጭ ይቀራል። እንደዚሁም መጠኑ አነስተኛ ሲሆን በአፍ ከተወሰደው መድኃኒት በአማካይ ሁለት ሦስተኛው ያህል ወደ ደም ይገባል። በአንድ ጊዜ የሚወሰደው ከ15 ሚሊግራም በላይ እየሆነ ሲሄድ ግን እንክብል ቢጨመርም ወደ ደም የሚገባው በዚያው ልክ አይጨምርም፤ የቀረው ከዐይነ ምድር ጋር ይወጣል።

በዚህም ላይ ሰው ከሰው ይለያያል። እኩል ቍጥር እንክብል ከዋጡ ሁለት ሰዎች መካከል በአንደኛው ደም ውስጥ የሚገኘው መድኃኒት ከሌላው እጥፍ ሊሆን ይችላል። ተቅማጥና ትውከትም ይህን ልዩነት ያሰፋዋል። ሐኪም በየጊዜው ደም እያስመረመረ መጠኑን የሚያስተካክልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

መ/ በመርፌ ሲሰጥ የሚሄድበት መንገድ

መርፌ ስንል አንድ ነገር ብቻ ማለታችን አይደለም። ሜቶትሬክሴት በአራት ዓይነት መንገድ በመርፌ ይሰጣል።

አንደኛ፥ ከቆዳ ሥር፤ ሁለተኛ፥ በጡንቻ። በእነዚህ በሁለቱ መንገዶች መድኃኒቱ የአንጀትን ኬላ ስለማያልፍ የተሰጠው ሁሉ ማለት ይቻላል ወደ ደም ይገባል። በጡንቻ የተሰጠ እንደሆነ ከግማሽ ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በደም ውስጥ ያለው መጠን ከፍተኛ ይሆናል።

ሦስተኛ፥ በደም ሥር። በዚህ መንገድ በአፍ ከቶ ሊሰጥ የማይችል ከፍተኛ መጠን መስጠት ይቻላል። ለምሳሌ በአጥንት ካንሰር ሕክምና ለአንድ ካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት እስከ 12 ግራም ይሰጣል። ይህን በ2.5 ሚሊግራም እንክብል ብናሰላው 4,800 ፍሬ ይሆናል። ይህን ያህል እንክብል የሚውጥ ሰው የለም፤ ቢውጠውም አንጀቱ አያሳልፈውም። ይህን የመሰለ ከፍተኛ መጠን ለብቻው ቢተው የሚገድል ስለ ሆነ፥ በሽተኛው በሆስፒታል ተኝቶ ብዙ ፈሳሽ በደም ሥሩ ይሰጠዋል፥ ሽንቱ አሲድነቱ እንዲቀንስ ይደረጋል፥ በደሙ ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን ይለካል። በተወሰነው ሰዓትም ፎሊኒክ አሲድ የሚባል ማርከሻ ይሰጠዋል። ፎሊኒክ አሲድ የተዘጋውን ኤንዛይም ሳያስፈልገው ለሕዋሱ የሚያገለግል ዝግጁ ቪታሚን ነው።

አራተኛ፥ በአከርካሪ አጥንት መካከል በሚገባ ቀጭን መርፌ፥ አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን ወደ ከበበው ፈሳሽ። በአፍም ሆነ በተለመደው መጠን በደም ሥር የተሰጠ ሜቶትሬክሴት ወደ አንጎል በበቂ አይደርስም። የደም ካንሰር ሕዋሳት ግን በዚያ ሊሸሸጉ ስለሚችሉ፥ ሐኪሙ መድኃኒቱን በቀጥታ ወደ መሸሸጊያቸው ያደርሳል። ለዚህ የሚውለው መድኃኒት ለብቻው የተዘጋጀ፥ ማቈያ ኬሚካል የሌለበት መሆን አለበት።

ከነዚህ በማናቸውም መንገድ ቢገባ፥ መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣው በአብዛኛው በኩላሊት በኩል በሽንት ነው። ኩላሊቱ የደከመ ወይም ውሃ ያነሰው ሰው መድኃኒቱን ቶሎ ስለማያስወጣው በመጠኑ የተሰጠው እንኳ ይበዛበታል።

ሠ/ ሁለቱ መንገዶች ሲነጻጸሩ

ከላይ የተባለውን በአጭሩ እናነጻጽር።

1. ወደ ደም ስለሚገባው መጠን፤ መርፌው የታወቀ ነው፤ እንክብሉ ከሰው ሰው፥ ከቀን ቀን ይለያያል። መጠኑ ባነሰ ጊዜ ልዩነቱ ያነሰ ነው፤ በጨመረ ጊዜ ይሰፋል።

2. ስለ ከፍተኛው መጠንና ስለሚደርስበት ስፍራ፤ እንክብሉ ወሰን አለው፥ ወደ አንጎልም በበቂ አይደርስም። በዚህ መርፌው ይበልጣል።

3. ስለሚያስከትለው ጉዳት፤ በአፍ ሲወስዱ የሚያቅለሸልሻቸው አንዳንድ ሰዎች ከቆዳ ሥር ሲወጉ ይቀልላቸዋል። በመቅኔ፥ በጉበትና በኩላሊት ላይ የሚደርሰውን ጉዳት በተመለከተ ግን እንክብሉ ከመርፌው የሚለይበት ነገር የለም። ወደ ደም ከገባ በኋላ ሁለቱም አንድ መድኃኒት ናቸው።

4. ስለ ድካምና ስለ ወጪ፤ ከነቀምት ወይም ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በአዲስ አበባ ወደሚገኘው ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለሚመላለስ ቤተሰብ፥ በቤት የሚዋጥ እንክብል የመጓጓዣንና የማደሪያን ወጪ ያድናል፤ ሕፃኑም ከትምህርቱ እንዳይለይ ይረዳዋል። በዚህ እንክብሉ ይበልጣል።

5. ስለ ጠባቂው፤ መርፌውን ሲሰጡ ሐኪሙ ያዝዛል፥ መድኃኒት ቀማሚው ይለካል፥ ነርሷ የበሽተኛውን ስምና ቀኑን አይታ ትሰጣለች። ከሦስቱ አንዱ ቢሳሳት ሌላው ሊያርመው ይችላል። እንክብሉ ግን ከመድኃኒት ቤት ከወጣ በኋላ ጠባቂው በሽተኛውና ቤተሰቡ ብቻ ናቸው። በዚህ እንክብሉ ከመርፌው ይልቅ ያሠጋል።

እንግዲህ «የትኛው ይሻላል?» ተብሎ ለተጠየቀው መልሱ «ለየትኛው በሽታ፥ በምን ያህል መጠን፥ ለየትኛው የሕክምና ጊዜ?» የሚል ጥያቄ ነው። አንድ ሕፃን እንኳ በደም ካንሰር ሕክምናው ዘመን አንድ ጊዜ በአከርካሪ፥ አንድ ጊዜ በደም ሥር፥ ሌላ ጊዜም በአፍ ሜቶትሬክሴትን ሊወስድ ይችላል። ሐኪሙ ከመርፌ ወደ እንክብል ሲያዛውረው ሕክምናው ተቀነሰበት ማለት አይደለም፤ ሕክምናው ወደ ሌላ ደረጃ ተሸጋገረ ማለት ነው።

ይህ ንጽጽር ለሁሉም የካንሰር መድኃኒት በአንድነት እንደማይሠራም ሊታወቅ ይገባል። ቪንክሪስቲንና ዶክሶሩቢሲን የሚባሉት በደም ሥር እንጂ በአፍ አይሰጡም። ፍሎሮዩራሲል የሚባለው ደግሞ በአፍ ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን እጅግ የሚለዋወጥ በመሆኑ በደም ሥር ይሰጣል፤ በእንክብል እንዲወሰድ የተፈለገ ጊዜ ግን ኬሚስቶች ኬፕሳይታቢን የሚባለውን፥ በሰውነት ውስጥ ወደ ፍሎሮዩራሲል የሚለወጠውን መድኃኒት ሠሩ። ስለዚህ ለአንዱ የሚሆነው ደንብ ለሌላው አይሆንም።

ረ/ በሳምንት አንድ ቀን

አሁን ወደ ትምህርታችን ዋና ነጥብ ደርሰናል። ሕፃናት በደም ካንሰር ታክመው በሽታው እንዳይመለስ በሚጠበቅበት ረጅም ጊዜ፥ እንዲሁም በመገጣጠሚያ ብግነትና በሶሪያሲስ፥ የሜቶትሬክሴት እንክብል የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ አይደለም። በስሕተት በየቀኑ የወሰዱ ሰዎች በልዩ ልዩ አገሮች ሞተዋል። የአውሮፓ የመድኃኒት ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ.፥ የብሪታንያ የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤትም በ2020 እ.ኤ.አ. በዚህ ምክንያት ልዩ ማስጠንቀቂያ አውጥተዋል። ምክራቸውም የሚወሰድበት የሳምንቱ ቀን በስሙ ተለይቶ እንዲጻፍ የሚያዝዝ ነው።

ስሕተቱ ምን ያህል እንደ ሆነ በሒሳብ እንየው። ሐኪሙ 15 ሚሊግራም ያዘዘለት ሰው ባለ 2.5 ሚሊግራም 6 እንክብል በሳምንት አንድ ቀን ይወስዳል። ይህ ሰው በየቀኑ 6 እንክብል ከወሰደ በሳምንት 42 እንክብል፥ ማለት 105 ሚሊግራም ይሆናል። ጉዳቱ ግን ከዚህ ሒሳብ በላይ ነው። በሆስፒታል ከዚህ እጅግ የሚበልጥ መጠን በደም ሥር ተሰጥቶ በሽተኛው በደኅና ይነሣ የለምን? ታዲያ ጥቂቱ መጠን ስለ ምን ይገድላል?

መልሱ በጊዜው ርዝመት ላይ ነው። በገብስ ማሳ ላይ ኀይለኛ ጎርፍ አንድ ቀን ቢያልፍበት፥ ውሃው የወረደ እንደሆነ ሰብሉ ሊያንሠራራ ይችላል። በማሳው ላይ ጥቂት ውሃ ሳምንት ሙሉ የተኛበት እንደሆነ ግን ሥሩ ይበሰብሳል። የአጥንት መቅኔና የአንጀት ሽፋንም እንደዚሁ ናቸው። በሳምንት አንድ ቀን የተወሰደ መድኃኒት መትቷቸው ሲያልፍ በቀሩት 6 ቀኖች ያገግማሉ። በየቀኑ የተወሰደ እንደሆነ ማገገሚያ ጊዜ አያገኙም። ነጭ የደም ሕዋስ ያልቃል፥ አፍና አንጀት ይቈስላል፥ በቍስሉም በኩል ተሕዋስያን ወደ ደም ይገባሉ። በሆስፒታል የሚሰጠው ከፍተኛ መጠን ማርከሻው በሰዓቱ ስለሚከተለው እንደ ጎርፉ ያልፋል፤ በቤት በየቀኑ የሚዋጠው ግን ማርከሻ የለውም።

ስሕተቱ የሚመጣው ከሰነፍ ሰው ብቻ ነው ብሎ ማሰብ አይገባም። ምክንያቶቹ የታወቁ ናቸው። የመጀመሪያው፥ ሰው የሚያውቃቸው እንክብሎች ሁሉ ማለት ይቻላል በየቀኑ የሚወሰዱ መሆናቸው ነው። ሁለተኛው፥ በመያዣው ላይ ያለው ጽሑፍ በባዕድ ቋንቋ ወይም በአኃዝ ብቻ መጻፉ ነው። ሦስተኛው፥ የደም ካንሰር ያለበት ሕፃን ከሜቶትሬክሴት ጋር መርካፕቶፑሪን የሚባል ሌላ እንክብል የሚወስድ መሆኑ ነው። መርካፕቶፑሪን በየቀኑ፥ ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን ይወሰዳል፤ የሁለቱም ቀለም ብዙውን ጊዜ ወደ ቢጫነት ያደላል። አራተኛው፥ ሕመሙ የበረታበት ሰው «ሳምንት ሙሉ ያለ መድኃኒት እንዴት እቀመጣለሁ?» ብሎ በራሱ ፈቃድ መጨመሩ ነው።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታ። ለኮሪዮካርሲኖማ በሚደረገው ሕክምና ሜቶትሬክሴት በጡንቻ በ1ኛው፥ በ3ኛው፥ በ5ኛውና በ7ኛው ቀን ሲሰጥ፥ በመካከል ባሉት ቀኖች ፎሊኒክ አሲድ ይሰጣል። ይህ ሐኪሙ ደም እያስመረመረ ከነማርከሻው የሚያካሂደው የተለየ ሥርዐት ነው። በቤት ለሚወሰደው እንክብል ምሳሌ ሊሆን አይችልም።

ሰ/ ማንበብ የሚችል ሰው ምን ሊያደርግ ይገባዋል?

በየሰፈሩ የመድኃኒት መያዣ ጽሑፍ እንዲነበብለት ወደ መምህር ወይም ወደ ተማረ ጎረቤት የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ለእንዲህ ያለው አንባቢ የሚከተለውን እንመክራለን።

1. በመያዣው ላይ ሜቶትሬክሴት የሚል ስም ያየ እንደሆነ፥ «መቼ መቼ ነው የምትወስደው?» ብሎ አስቀድሞ ይጠይቅ። መልሱ «በየቀኑ» የሆነ እንደሆነ ሰውየው ወደ ሐኪሙ ወይም ወደ መድኃኒት ቀማሚው ሳይጠይቅ ሌላ እንክብል እንዳይውጥ በብርቱ ያሳስበው፤ በዚያው ቀንም ወደ ሐኪም ቤት እንዲሄድ ያድርግ።

2. የሚወሰድበት ቀን በሐኪሙ ትእዛዝ ላይ መኖሩን ይመልከት። ከሌለ ሐኪሙ ወይም መድኃኒት ቀማሚው እንዲጽፍበት ይደረግ። ቀኑ በስሙ በአማርኛ ወይም ቤተሰቡ በሚያውቀው ቋንቋ ይጻፍ፤ ለምሳሌ «ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት፤ በሌላ ቀን አይወሰድም» ተብሎ። የአካባቢው የገበያ ቀን በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ የሚውል ከሆነ፥ ቤተሰቡ ስለማይረሳው ያን ቀን እንዲመደብለት ሐኪሙን ሊጠይቅ ይችላል።

3. የእያንዳንዱ እንክብል ሚሊግራም ይነበብ። በአንዳንድ አገር ባለ 10 ሚሊግራም እንክብልም ይሠራል። አንዱ ከሌላው አራት እጥፍ ስለ ሆነ፥ ከውጭ አገር ዘመድ የላከው መድኃኒት ሳይታይ በቀድሞው ቍጥር መወሰድ የለበትም።

4. መድኃኒቱ የተወሰደበት ቀን በግድግዳ ላይ በተሰቀለ የቀን መቍጠሪያ ላይ ምልክት ይደረግበት። የተረሳ ወይም ከተዋጠ በኋላ በትውከት የወጣ እንደሆነ ሐኪም ይጠየቅ እንጂ በራስ ፈቃድ አይደገም፤ የሁለት ሳምንትም በአንድ ቀን አይወሰድ።

5. ሌላ መድኃኒት ከመወሰዱ በፊት ሜቶትሬክሴት እንደሚወስድ ለሐኪሙ ይነገር። በተለይ ባክትሪም በሚል ስም የሚታወቀው ኮትሪሞክሳዞል የፎሊክ አሲድን ሥራ እርሱም ስለሚያግድ የመቅኔውን ጉዳት ያባብሳል። አስፕሪን፥ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም መድኃኒቱ በኩላሊት እንዳይወጣ ሊያዘገዩ ይችላሉ። አረቄ፥ ጠጅና ጠላ ጉበትን በእጥፍ ስለሚጐዱ መተው ይገባል።

6. «ለጉልበት ሕመም ይሆናል» ተብሎ ለጎረቤት ወይም ለዘመድ ከቶ አይሰጥ።

ቀ/ በቤት ስለሚደረግ ጥንቃቄና ንጽሕና

እንክብሉ ከመያዣው ሳይወጣ ከብርሃንና ከርጥበት ርቆ፥ ሕፃናት በማይደርሱበት ስፍራ ተቈልፎ ይቀመጥ። አይፈጭ፥ አይሰበር፤ ብናኙ የሚያስታምመውን ሰው ይጐዳል። ሕፃኑ መዋጥ ያቃተው እንደሆነ መድኃኒት ቀማሚው ይጠየቅ። የሚያቀብል ሰው ጓንት ቢያደርግ መልካም ነው፤ ባይኖረውም ከመያዣው ክዳን በቀጥታ ያቀብል፥ ከዚያም እጁን በውሃና በሳሙና ይታጠብ።

ነፍሰ ጡር ሴት ይህን መድኃኒት ልትነካው አይገባም፤ ጽንስን ያስወርዳል፥ የአካል ጉድለትም ያመጣል። በሕክምና ላይ ያሉ ወንዶችም ሆኑ ሴቶች፥ ከሕክምናውም በኋላ ሐኪሙ እስከሚወስነው ጊዜ ድረስ፥ እርግዝና እንዳይከሠት መጠንቀቅ ይገባቸዋል። የምታጠባ እናትም እየወሰደች ልታጠባ አትችልም።

መድኃኒቱ በሽንት ስለሚወጣ ከተወሰደ በኋላ ቢያንስ ለ2 ቀን የበሽተኛውን ሽንት፥ ዐይነ ምድርና ትውከት የሚያጸዳ ሰው ጓንት ያድርግ። የተበከለ ልብስ ከሌላው ተለይቶ ይታጠብ። የተረፈ እንክብል ወደ መጸዳጃ ጕድጓድ ወይም ወደ ቆሻሻ አይጣል፥ በግቢም አይቃጠል፤ ወደ ሰጠው ሆስፒታል ይመለስ። በቤት ከቆዳ ሥር የሚወጋ ቢኖር፥ ያገለገለው መርፌ ጠንካራ ክዳን ባለው ዕቃ ተጠራቅሞ እንደዚሁ ይመለስ።

መምህራን ደግሞ በክፍላቸው በሕክምና ላይ ያለ ተማሪ ቢኖር፥ ካንሰር ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ መሆኑን ለልጆቹ ያስረዱ። በትምህርት ቤቱ ኩፍኝ ወይም ጉድፍ የታየ እንደሆነ ግን በዚያው ቀን ለወላጆቹ ይንገሩ፤ ለሌላው ልጅ ቀላል የሆነው በሽታ ለእርሱ ብርቱ ነውና።

በ/ ወደ ሐኪም የሚያስቸኵሉ ምልክቶች

አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚናገረው አፍ ነው፤ በከንፈር፥ በምላስና በጕንጭ ውስጥ ቍስል ይወጣል። ከዚህም ሌላ ትኵሳት፥ የጕሮሮ ሕመም፥ ያለ ምክንያት የቆዳ መበለዝ ወይም መድማት፥ የጠቈረ ዐይነ ምድር፥ የማያቋርጥ ትውከትና ተቅማጥ፥ የዐይን ቢጫ መሆን፥ ደረቅ ሳልና ትንፋሽ ማጠር አደገኛ ምልክቶች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ የታየበት በሽተኛ እስከ ቀጠሮው ቀን መቈየት የለበትም። መድኃኒቱ በስሕተት በዝቶ የተወሰደ እንደሆነ ደግሞ ምልክት እስኪታይ አይጠበቅ፤ የመድኃኒቱን መያዣ ይዞ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ማርከሻው ፎሊኒክ አሲድ የሚጠቅመው ቶሎ ሲሰጥ ነው። ተራው የፎሊክ አሲድ እንክብል ይህን ሥራ አይሠራም፤ ለመለወጥ የሚያስፈልገው ኤንዛይም ተዘግቷልና።

በመጨረሻ፥ ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው አንባቢ የሐኪምን ትእዛዝ እንዲረዳ እንጂ እንዲለውጥ አይደለም። መርፌ የታዘዘለት ሰው መርፌውን ይቀበል፤ እንክብል የታዘዘለትም አይናቀው። በካርቶን ውስጥ ያለው ቢጫ ፍሬ በሆስፒታል በደም ሥር ከሚንጠባጠበው ጋር አንድ መድኃኒት ነው፤ የሚለየው ነርሷ በምትቆምበት ስፍራ አሁን የሚቆመው የቤቱ ሰው መሆኑ ነው።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ሜቶትሬክሴት የካንሰርን ሕዋስ እንዴት አድርጎ ይገድላል? ጤናማውን ሕዋስስ ስለ ምን ይጐዳል?

2. እንክብል በእጥፍ ቢጨመር በደም ውስጥ የሚገኘው መድኃኒት ሁልጊዜ በእጥፍ የማይጨምረው ስለ ምንድር ነው?

3. በመርፌ የሚሰጥባቸውን አራት መንገዶች ዘርዝሩ፤ የእያንዳንዱን ጥቅም ተናገሩ።

4. አንድ ሰው በሳምንት አንድ ቀን 4 ባለ 2.5 ሚሊግራም እንክብል ታዝዞለት በስሕተት ለ5 ቀን በየቀኑ ቢወስድ በጠቅላላው ስንት ሚሊግራም ወሰደ? ወዲያውኑስ ምን ሊደረግለት ይገባል?

5. በሆስፒታል የሚሰጠው ከፍተኛ መጠን ሳይገድል በቤት በየቀኑ የሚዋጠው ጥቂት መጠን የሚገድልበትን ምክንያት በማሳው ምሳሌ አስረዱ።

6. በሰፈራችሁ «መርፌ ካልተወጋሁ አልድንም» የሚል ሰው ቢኖር ምን ብላችሁ ታስረዱታላችሁ?